ዐይን ቢጫ ሲሆን፦ ስለ ጉበት፣ ስለ ሐሞት ቧንቧና ስለ ቆሽት ካንሰር ሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ



ባለፈው የዐቢይ ጾም ወቅት በለገዳዲ አካባቢ ካሉት አጥቢያዎች ወደ አንዱ ለልማት ሥራ ጉብኝት ሄደን ነበር። ከስብሰባ ቀርተው የማያውቁ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል በዚያ ዕለት አልተገኙም። ከስብሰባው በኋላ ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ዐይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ሰውነታቸውን እያሳከካቸው ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። «የወፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠል ሰጥቶኛል፤ ይሻለኛል» አሉን። እኛም ጸሎት አድርሰን፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን ተመለስን። ከትንሣኤ በኋላ በድጋሚ ስንሄድ ቢጫነቱ ጠቁሮ፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ አገኘናቸው። ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ የወሰዷቸው በዚያ ሳምንት ነበር። የሐሞት ቧንቧቸው በዕጢ ተዘግቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ቧንቧውን ከፍተው ማሳከኩን አቀለሉላቸው፤ ዕጢውን ቆርጦ ለማውጣት ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በነሐሴ ወር ዐረፉ።

ቀድመው ቢታከሙ በእርግጥ ይድኑ ነበር ብለን አንናገርም። ነገር ግን ዐይናቸውን አይተን፣ «ሽንትዎ ጠቁሯል? ሰገራዎ ነጥቷል? ጤና ጣቢያ ሄደዋል?» ብለን ሳንጠይቅ ሁለት ወር ገደማ አለፈ። ይህ የእኛ ጉድለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ አጥቢያዎች ለትልልቆቹ ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም፤ ሆኖም በሽተኛው ወደዚያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ነው። መንገዱን የሚያረዝመው የኪሎ ሜትሩ ርቀት ብቻ ሳይሆን የምልክቱ አለመታወቅ ጭምር ነው።

ሦስት አካላት፣ አንድ መተላለፊያ

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ ትልቅ አካል ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ሐሞትን ማመንጨት ነው። ሐሞት በቀጭን ቧንቧ ወርዶ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል፤ ቅባት ያለውን ምግብ ለመፍጨት ይረዳል። ቆሽት ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ ሲሆን ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችንና የደምን ስኳር የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ይሠራል። የሐሞት ቧንቧ ወደ አንጀት ከመግባቱ በፊት በቆሽት ራስ በኩል ያልፋል።

ይህን አቀማመጥ ማወቅ ምልክቱን ለመረዳት ያግዛል። በቧንቧው ውስጥ ዕጢ ሲያድግ ወይም በቆሽት ራስ ላይ ያለ ዕጢ ቧንቧውን ሲጫነው ሐሞት መውጫ ያጣል። ወደ ደም ተመልሶ ዐይንንና ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ በሽንት ሲወጣ ሽንቱን እንደ ጥቁር ሻይ ያጠቁረዋል፤ ወደ አንጀት ስለማይደርስም ሰገራ እንደ ጭቃ ይነጣል፤ በቆዳ ሥር ሲከማች ያሳክካል። የጉበት ካንሰር ግን መጀመሪያ ላይ ይህን ላያሳይ ይችላል። በቀኝ ጎን ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስና ድካም ሆኖ የሚገለጠውም ብዙ ጊዜ ከፍቶ ከቆየ በኋላ ነው። የቆሽት ካንሰር ደግሞ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የላይኛው ሆድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ከ50 ዓመት በኋላ በድንገት ከክብደት መቀነስ ጋር የሚጀምር የስኳር በሽታም አንዳንዴ የእርሱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በሕዝባችን ዘንድ ይህ ቢጫነት «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ከሌሊት ወፍ ጋር የሚያያይዙትም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቢጫነት ምልክት እንጂ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም። ምክንያቱ የጉበት ቫይረስ፣ የሐሞት ጠጠር፣ የመድኃኒት ጉዳት፣ ወባ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቢጫነት ያየ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ምክንያቶች ይታከማሉ። የሐሞት ጠጠር ቧንቧውን ዘግቶ ከሆነ ጠጠሩ ወጥቶ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም መሄድ ክፉ ዜና ለመስማት መቸኮል አይደለም፤ ሊድን የሚችለውን ከማይድነው መለየት ነው።

ጥናቱ ያሳየን

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት ሪፈራል ሆስፒታሎች የታዩ 2,566 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን መርምሯል። ግማሽ ያህሉ ከግብፅ፣ የቀሩት ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከኮትዲቯር፣ ከካሜሩን፣ ከሱዳን፣ ከታንዛንያ፣ ከኡጋንዳና ከአገራችን ነበሩ። ከግብፅ ውጭ ባሉት አገራት የበሽተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 46 ዓመት ነው፤ ልጆች የሚያሳድጉበት፣ ቤት የሚያቆሙበት ዕድሜ። በግብፅ ከመቶ 76ቱ ለካንሰሩ የሚሆን ሕክምና ሲያገኙ በሌሎቹ አገራት ያገኙት ከመቶ 3ቱ ብቻ ነበሩ። በግብፅ የሕሙማኑ ግማሽ ከምርመራ በኋላ ወደ 11 ወር ሲቆዩ፣ በእኛና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ግን የቆይታው መካከለኛ ልክ 2 ወር ተኩል ሆኖ ተገኝቷል።

የልዩነቱ ምክንያት የግብፃውያን ካንሰር የቀለለ መሆኑ አይደለም። በዚያ የጉበት ሕሙማን በክትትል ውስጥ ስለነበሩ ብዙዎቹ በሽታው ሳይስፋፋ ተደርሶበታል፤ ሕክምናውም በቅርብ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን የጉበት ሕመም እንዳለው ሳያውቅ ኖሮ፣ ሆዱ ሲነፋ ወደ ሐኪም የሚሄድ ብዙ ነው። ይኸው ጥናት ከግብፅ ውጭ ባሉት አገራት ዋነኛው መንሥኤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ደግሞ ክትባትም ሕክምናም ያለው ነው።

ዝምተኛው መንሥኤ

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምገማ ከመቶ ሰዎች ከ7 በላይ የሚሆኑት ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው እንዳለ፣ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ከመቶ 3 ገደማ እንደሆነ አመልክቷል። ሁለት መቶ ምእመናን በተሰበሰቡበት ቅዳሴ ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ቫይረሱን ሳያውቁ ተሸክመው ሊቆሙ ይችላሉ ማለት ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ሳያሳምም ጉበትን ቀስ በቀስ ያጠባስሳል፤ ጠባሳውም ሲሮሲስ ይባላል። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በዚህ በተጠባሰሰ ጉበት ላይ ነው፤ በሄፓታይተስ ቢ ግን ጠባሳ ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል።

ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጋራ በሚጠቀሙበት ስለት ነው። በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናትን መግረዝ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምትና ንቅሳት የታወቁ መተላለፊያዎች ናቸው። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥና መስቀል በመሳለም ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ከማኅበርም ሆነ ከማዕድ የሚያርቅ ምክንያት የለም። ይህን ካህናት በዐውደ ምሕረት ቢናገሩት የብዙዎች ፍርሃት ይወገዳል።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። አምስት በሽታዎችን በአንድነት ከሚከላከለው ክትባት ጋር በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን እንዲያገኝ ይመክራል። የክትባቱ ዋጋ በተግባር ታይቷል፤ ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት መስጠት ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀንሷል። ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለድን ግን ክትባቱን በሕፃንነታችን አላገኘንም። ስለዚህ ለእኛ መጀመሪያው እርምጃ አንድ የደም ምርመራ ነው።

ቫይረሱ ለተገኘበትም ተስፋ አለው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሐኪሞች ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በ2007 ዓ.ም. የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ጀምረው ነበር። በመጀመሪያው ዙር 1,303 ሕሙማን ተመዝግበዋል። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ይባላል፤ በኤች አይ ቪ ሕክምና በአገራችን የታወቀ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው። መርሐ ግብሩ ያስተማረው ዋና ነገር በድሀ አገርም ይህን ሕክምና በሥርዐት መስጠት እንደሚቻል ነው። ሁለተኛውም ትምህርት ያንኑ ያህል ክብደት አለው፤ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸው ደክሞ የመጡት የመሞት አደጋቸው ቀድመው ከጀመሩት እጅግ የበለጠ ነበር።

ይህ ዓይነቱ የአፍሪካ ጥናት የዓለምን መመሪያ እስከ መለወጥ ደርሷል። የጉበትን ጠባሳ ልክ ለመገመት ከሁለት ቀላል የደም ምርመራዎች የሚሰላ መለኪያ አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከስምንት የአፍሪካ አገራት የተሰበሰበ መረጃ የቀድሞው የመለኪያው ወሰን ለአፍሪካውያን ከፍ ያለ በመሆኑ ብዙ ሕሙማንን ሳያስተውል እንደሚያልፍ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲስ መመሪያ ወሰኑን ዝቅ አድርጎ መድኃኒት የሚገባቸውን ሰዎች ቁጥር አስፍቷል። በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር የታየበት ሰውም ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ተመርምሮ «መድኃኒት አያስፈልግህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዛሬ በድጋሚ መጠየቅ ይገባዋል።

ከእህላችንና ከወተታችን ጋር

ሁለተኛው መንሥኤ አፍላቶክሲን ነው። በቆሎ፣ ለውዝ፣ ማሽላና በርበሬ እርጥበት እንዳዘሉ ሲከማቹ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የካንሰሩን አደጋ ያባብሰዋል። ጉዳዩ የከተሞቻችንን ወተት አምራቾችም ይነካል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የወተት ቀጠና የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ የዚህን መርዝ ርዝራዥ አግኝቷል። በአውሮፓ ከተፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9ኙ ብቻ ነበሩ። ምንጩ መኖ ነው፤ ብክለቱ በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ይህ ለልጆች ወተት መከልከል አለበት ማለት አይደለም፤ በወተት ውስጥ ያለው ርዝራዥ በእህል ካለው መርዝ የደከመ ነው። ወተቱን ማፍላት መርዙን ስለማያጠፋው ግን መፍትሔው ከጎተራ ይጀምራል። ፋጉሎን በደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የሻገተውን ለከብት አለመስጠት፣ የሻገተ ለውዝና በቆሎንም «ለእንስሳ ይሁን» አለማለት ያስፈልጋል። በልማት ኮሚቴ ሥር የወተት ላም የሚያረቡ አጥቢያዎች ይህን የሥራ ደንባቸው ቢያደርጉት መልካም ነው።

የአልኮል መጠጥም ጉበትን ያጠባስሳል፤ አረቄ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ያለበት ሰው ከመጠጥ ፈጽሞ ቢርቅ ይሻለዋል። በዝክርና በማኅበር «አንድ ብቻ» እያልን የምናስገድድ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። በሐረር የተደረገ ጥናት ጫት መቃምም ከቆየ የጉበት ሕመም ጋር መያያዙን አሳይቷል። ሲጋራ ደግሞ የቆሽት ካንሰር ከታወቁ መንሥኤዎች አንዱ ነው።

የሕክምና መመሪያዎቹ ምን ይላሉ?

ሐኪሞች ካንሰርን የሚያክሙት በየግላቸው ግምት ሳይሆን በጥናት ተመዝኖ በየጊዜው በሚታደስ መመሪያ ነው። ሦስቱን ካንሰሮች የሚመለከቱት መመሪያዎች በዝርዝር ቢለያዩም በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራሉ፦ ዕጢው የት ደርሷል? ጉበቱ ምን ያህል ይሠራል? ሕመምተኛው በራሱ መንቀሳቀስ ይችላል ወይስ አልጋ ይዟል? መልሱ በዘገየ ቁጥር የሚቀረው ምርጫ ይጠባል።

ለጉበት ካንሰር መመሪያዎቹ ሲሮሲስ ያለባቸውና በሄፓታይተስ ቢ የተያዙ ተጋላጭ ሰዎች በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ያዝዛሉ። በአፍሪካውያን ካንሰሩ በለጋ ዕድሜ ስለሚመጣ ክትትሉ ቀደም ብሎ እንዲጀመር ይመክራሉ። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም በመርፌ በሚገባ ሙቀት ማቃጠል ይቻላል። የጉበት ንቅለ ተከላ በሌላው ዓለም ቢሰጥም በአገራችን ገና መደበኛ አገልግሎት አልሆነም። ዕጢው ከጉበት ሳይወጣ ከበዛ መድኃኒት በደም ሥሩ በኩል በቀጥታ ወደ ዕጢው ይላካል። ከተሠራጨ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥቅሙ የታወቀው ሶራፌኒብ የተባለ ክኒን አለ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ከእርሱ እንደሚበልጡ ታይቷል። ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ሕዝባችን እጅግ የራቀ ነው።

ለሐሞት ቧንቧ ካንሰር የማዳን ተስፋ ያለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከእርሱ በኋላም ካፔሲታቢን የተባለ ክኒን ለስድስት ወር መውሰድ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተደግፏል። ቀዶ ሕክምና ካልተቻለ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት ይሰጣሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በሁለቱ የታከሙት ሕሙማን መካከለኛ ዕድሜ 11.7 ወር፣ በአንዱ ብቻ የታከሙት ግን 8.1 ወር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ሁሉ ጋር የተዘጋውን ቧንቧ መክፈት አለ፤ በአፍ በሚገባ መመልከቻ ትንሽ ቱቦ በቧንቧው ውስጥ ይተከላል፤ ወይም ሐሞቱ በቆዳ በኩል እንዲወጣ ይደረጋል። ይህ ካንሰሩን ባያጠፋም ማሳከኩን ያበርዳል፤ እንቅልፍና ምግብ ይመልሳል።

የቆሽት ካንሰር ከሦስቱ ጽኑው ነው። በምርመራ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የሚችሉት ከአምስት ሕሙማን አንዱ ያህል ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ከባድ ስለሆነ መመሪያዎቹ ልምድ ባለው ሆስፒታል እንዲደረግ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ ከእርሱ በኋላም ኬሞቴራፒ ይከተላል። በሽታው ለተሠራጨባቸውና አቅም ላላቸው ሕሙማን አራት መድኃኒቶችን የሚያጣምር ሕክምና በ2011 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ መካከለኛውን ዕድሜ ከ6.8 ወደ 11.1 ወር አሳድጓል። ምልክት ለሌለው ሰው ሁሉ የሚደረግ የቆሽት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ግን መመሪያዎቹ አይመክሩም። «በአንድ የደም ምርመራ ካንሰርን ሁሉ እናገኛለን» ለሚል ማስታወቂያ ምእመናን ገንዘባቸውን እንዳያባክኑ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

የወራት ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን ለአንድ አባት አምስት ወር ማለት ልጁን ለመዳር፣ ዕዳውን ለመክፈል፣ ንስሓ ገብቶ ለመቍረብና ከተቀያየመው ወንድሙ ጋር ለመታረቅ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ጠበልና መድኃኒት

ብዙ ምእመናን ከሐኪም በፊት ወደ እኛ ይመጣሉ። ይህ ክብርም ኀላፊነትም ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምረው ለጠበል ሲሉ ያቋረጡ ምእመናን በበዙበት ጊዜ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለጉበት መድኃኒትም የሚሠራ ነው። ቴኖፎቪር በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን በብርቱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምረውን ለምእመናን ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው። ቅጠልን በተመለከተም ጉበቱ በታመመ ሰው ላይ ያልታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት ሕመሙን ሊያባብስ እንደሚችል በትሕትና ማስረዳት ይገባል። መድኃኒት ዐዋቂዎቻችንን በማዋረድ አንጀምር፤ ቢጫነት ያዩበትን ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ እንለምናቸው።

ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንደኛ፣ በቤት ለቤት ጉብኝት የሕመምተኛን ዐይን በቀን ብርሃን እንይ። ቢጫ ከሆነ ስለ ሽንት፣ ስለ ሰገራ፣ ስለ ማሳከክና ስለ ክብደት እንጠይቅ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ። ከቢጫነቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ግን በዚያው ቀን ይሂድ፤ የተዘጋው ቧንቧ ተመርዞ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ጥምቀተ ክርስትናን የክትባት መጠየቂያ እናድርገው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጊዜ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ሁለቱን ወስዳ ሦስተኛው ይቀራታል። የጥምቀት ምዝገባ የሚይዘው አባት የክትባት ካርዱን «አምጡት እስቲ» ቢል ሌላ ወጪ አይጠይቅም። ካርድ አለመኖሩ ግን ጥምቀትን የሚከለክል እንዳይመስል ይጠንቀቁ። ነፍሰ ጡር እናቶችም በክትትላቸው ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲጠይቁ የንስሓ አባቶች ይምከሩ። ልጅ የሚያስገርዙም ለእያንዳንዱ ሕፃን አዲስ ስለት፣ ይልቁንም የጤና ተቋም ይምረጡ።

ሦስተኛ፣ ሐምሌ 21 ቀን የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው። ዕለቱ ከእመቤታችን ወርኀዊ በዓል ጋር ስለሚገጥም ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። በአካባቢው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ በዕለቱ ትምህርትና ምርመራ ማዘጋጀት ይቻላል። የምርመራው ውጤት የተመርማሪው ምሥጢር ነው፤ ለኮሚቴም አይነገርም። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ቤተሰቡን ሁሉ ያስመርምር፤ ነፃ የሆኑት ይከተቡ።

አራተኛ፣ የሰንበቴና የእድር ገንዘብ ለቀብር ብቻ አይጠበቅ። ለጉዞ፣ ለአልትራሳውንድና ለጤና መድን መዋጮ የሚሆን ትንሽ ድርሻ ቢለይ ሰውን በሕይወት ሳለ ይደርስለታል። ከሕመምተኛው ጋር ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ይሂድ፤ የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ማኅደር ይያዝ። ወረቀት ጠፍቶ ምርመራ ሲደገም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሳምንታትም ይባክናሉ።

አምስተኛ፣ ሐኪም «የሚያድን ሕክምና የለም» ሲል ሥራችን አያበቃም። የሕመም ማስታገሻ እንክብካቤም በመመሪያዎቹ የተጻፈ ሕክምና ነው። ለጽኑ ሕመም ሐኪም ያዘዘውን ሞርፊን መውሰድ ኃጢአት አይደለም፤ ሕመሙ የቀለለለት ሰው ጸሎቱንም ኑዛዜውንም በተረጋጋ ልብ ያደርሳል። ሕመምተኛ በጾም ግዴታ እንደማይያዝም የንስሓ አባቶች ቀድመው ይንገሩት፤ ቆሽቱ የታመመ ሰው በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መመገብ ያስፈልገዋልና። ምሥጢረ ቀንዲል የሞት ማስታወቂያ ሳይሆን የሕሙማን ምሥጢር መሆኑን አስተምረን፣ ሰውየው ራሱን ሳያጣ እንዲፈጸምለት እናድርግ።

በመግቢያችን ያነሣናቸው አባት ባለቤት ዛሬም በዚያው አጥቢያ በሰንበቴ ያገለግላሉ። ከባለቤታቸው ዕረፍት በኋላ ልጆቻቸውን ሁሉ አስመርምረዋል። በቅርቡ ስናገኛቸው አንዲት ጎረቤታቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነበር። «ዐይኗ ደስ አላለኝም» አሉን። የጎረቤታቸው ሕመም የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፤ ታክማ ድናለች። እኛ ያን ጊዜ ያልጠየቅነውን ጥያቄ እኚህ እናት ዛሬ ይጠይቃሉ። አጥቢያዎቻችን ሁሉ ይህን ጥያቄ እንዲለምዱት አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።